«እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር» ላለ ሰው ዝም አይባልም

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ዕድሜዬ 36 ነው፤ በትዳር 11 ዓመት ቆይተናል፤ የ9 ዓመት ሴትና የ6 ዓመት ወንድ ልጆች አሉን። ባለቤቴ የፊዚክስ መምህር ነው። ከሐምሌ ወዲህ የማውቀው ሰው አልመስል ብሎኛል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይነቃል፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ምግብ ከቀነሰ ቆይቷል፤ ሱሪው ያለ ቀበቶ አይቆምም። ሆዴን ይላል፣ ወገቤን ይላል። ሦስት ክሊኒክ ተመላልሰናል፤ አንዱ ጨጓራ፣ ሌላው ታይፎይድና ታይፈስ አሉት። የታዘዘለትን ሁሉ ጨርሶ ለውጥ የለም። በትንሽ ነገር ይቆጣል፤ ተቆጥቶ ሲያበቃ ጓዳ ገብቶ ያለቅሳል። በየዓመቱ መስከረም የልጆቹን ደብተር በላስቲክ የሚሸፍነው እሱ ነበር። ዘንድሮ ላስቲኩን ገዝቶ አመጣ፤ እስከ ዛሬ ቁም ሣጥኑ ላይ እንደ ተጠቀለለ ነው። በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድን፤ ድባቴ ነው ተብሎ ፍሎክሴቲን የሚባል እንክብል ታዘዘለት። ስምንት ቀን ወስዶ ‹ያቅለሸልሸኛል፤ ደግሞም ምንም አልሠራልኝም› ብሎ ተወው። አማቴ መድኃኒቱን ትቶ ሁለት ሱባዔ ጸበል ይግባ ይላሉ። ወንድሙ ‹አማኑኤል ሊያስገቡህ ነው፤ ወንድ ልጅ ራሱን ይገዛል› ይለዋል። እኔ ግራ ገባኝ። ሕመም ነው ወይስ እኔን ጠልቶኝ ነው? በቀደም ደግሞ ‹እኔ ባልኖር ለእናንተ ይሻላችሁ ነበር› አለኝ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ጨርሼ ተመልሼ ያነበብኩት የመጨረሻዎቹን መስመሮች ነው። ስለ ጨጓራው፣ ስለ ጸበሉ፣ ስለ ወንድሙ ሁሉንም ዘርዝረሽ ነገርሽኝና «በቀደም ደግሞ» ብለሽ ያን ቃል በአንድ ትንፋሽ አለፍሽው። እኔ ግን የምጀምረው ከእሱ ነው። ሌላው ጥያቄሽ ለነገ ቢያድር ምንም አይደለም፤ ይህ አያድርም።

ባለቤትሽ ይህን የተናገረው ሊያስፈራራሽ ወይም እንድታባብይው ፈልጎ አይደለም። ሕመሙ ሌት ተቀን የሚነግረውን ነው የነገረሽ። ድባቴ የሚወደድን ሰው «ለቤተሰብህ ሸክም ነህ» ብሎ ያሳምነዋል፤ ከክፋቱ ሁሉ የሚከፋው ይህ ይመስለኛል። ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ አጠገቡ ተቀመጪና በቀጥታ ጠይቂው። «ያን ቀን ‹ባልኖር› ያልከኝ ከልቤ አልወጣ አለ። ሞትን ትመኛለህ? ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በይው። ጠይቀሽው ዝም ካለ አንቺም ዝም ብለሽ ጠብቂ። ዝምታው ቢረዝም አትሸሺው፤ በወሬም አትሙዪው።

«ባልጠየቅኩት ኖሮ አያስበውም ነበር» ብለሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ፤ ሁሉም ሰው ይህን ይፈራል። እኔ በሥነ አእምሮ ነርስነት 22 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደ ጠየቅኩ ቁጥሩን አላስታውሰውም። የማስታውሰው የተጠየቀው ሰው ትከሻ እንዴት እንደሚወርድ ነው። ለወራት ብቻውን የተሸከመውን ነገር ሌላ ሰው ስሙን ጠርቶ ሲያነሳለት ሰውየው ይተነፍሳል። ጥናቱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። በእኛ ዘንድ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቋጠሮ አለ። ራስን ማጥፋት ከባድ ኃጢአት ነው፤ ፍትሐት ያስከለክላል እየተባለ ነው ያደግነው። ሐሳቡ የመጣበት ሰው ስለ ሐሳቡ ብቻ አይሠቃይም፤ እንዲህ በማሰቡ የተረገመ ይመስለዋል። ስለዚህ ይደብቃል። «እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመጣው ከሕመሙ ነው፤ አልፈርድብህም» ብለሽ አስቀድመሽ ብትነግሪው ግማሹን መንገድ አቀለልሽለት።

«አዎ፣ አስቤበታለሁ፤ እንዴት እንደማደርገውም አውቃለሁ» ካለሽ ብቻውን አትተዪው። ሌሊትም ቢሆን ለአንድ የቅርብ ሰው ደውለሽ ይዛችሁት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ለሐኪሙም እሱ ያለሽን ቃል ሳትቀንሺ ንገሪ። «ሞትን መመኘት እንጂ ሌላ ሐሳብ የለኝም» ካለሽም ጉዳዩ ለወር የሚቆይ አይደለም፤ በዚህ ሳምንት መታየት አለበት። ሁለተኛ ነገር፣ ምን መለሰልሽ ምን፣ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ አንቺ ያዢ፤ የተባይ ማጥፊያ ካለ ከቤት ይውጣ፤ መሣሪያ ካለ ለታመነ ዘመድ ይሰጥ። እንዲህ ያለው ሐሳብ እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሣል፣ ደግሞ ይወርዳል። በተነሣበት ሰዓት እጁ አጠገብ ምንም አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። «ሕመም ነው ወይስ ጠልቶኝ ነው?» ብለሻል።

ሕመም ነው። በሩቅ ሆኜ ምርመራ አላደርግም፤ ግን ሐኪም አይቶት የሰጠው ስም አለ፣ ደብዳቤሽም ከስሙ ጋር ይገጥማል። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሰው ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ፣ ሐዘን ሲጫነው ወይም ደስ ይለው የነበረው ነገር ሁሉ ደስታ መስጠቱን ሲያቆም ነው፤ ከዚያ ጋር እንቅልፍ ይዛባል፣ የምግብ ፍላጎት ይለወጣል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ይላል፣ ራስን መውቀስ ይበዛል፣ ሞት ይታሰባል። አንቺ ሳታውቂው አብዛኛውን ጽፈሽልኛል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቶ አለመተኛቱ ለእኔ ብዙ ይናገራል፤ ሰው በሐሳብ ምክንያት እንቅልፍ እንቢ ሲለው አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገረው ገና ሲተኛ ነው፤ ከበድ ያለ ድባቴ ግን ብዙ ጊዜ ከንጋት በፊት ይቀሰቅሳል፤ ጠዋቱም ከማታው የከፋ ይሆናል። ባለቤትሽ ጠዋት ጠዋት ይብስበት እንደሆነ አስተውዪ፤ ለሐኪሙ ይጠቅማል።

ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ያ ላስቲክ ነው። ገዝቶ አምጥቷልኮ! ልጆቹን ረስቶ ቢሆን ኖሮ ሱቅ አይሄድም ነበር። ሄደ፣ ገንዘብ ከፈለ፣ ተሸክሞ ቤት ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ መቀሱን አንሥቶ መቁረጥ አቃተው። ሕመሙ እንዲህ ነው የሚሠራው። ፍቅሩ ባለበት አለ፤ ከፍቅሩ ወደ እጁ የሚያደርሰው መንገድ ነው የተዘጋው። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። ላስቲኩን ባየሽ ቁጥር «ልጆቹን ጠላቸው» ብለሽ ስታነቢው የኖርሽ ስለመሰለኝ ነው፤ የተሳሳተ ንባብ ነው።

«ታዲያ ሆዱና ወገቡስ?» ትይ ይሆናል። በአገራችን ድባቴ በሐዘን መልክ ከመምጣቱ በፊት በአካል ይመጣል። ራሴን፣ ልቤን፣ ሆዴን፣ ወገቤን ያቃጥለኛል፣ ይወጋኛል ይባላል። ሕመሙ የውሸት አይደለም፤ በእርግጥ ያመዋል። ወንዶች ላይ ደግሞ በቁጣ መልክ ይመጣል፤ ለቁጣ ፈቃድ ያለውን ያህል ለለቅሶ ፈቃድ ያለው ወንድ የለማ። ክሊኒኮቹም ሆድ ያመመውን ሰው የሆድ ምርመራ ያዙለታል፤ የጨጓራው ባክቴሪያ ምንም ሳያማቸው በብዙ ሰዎች ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ለታይፎይድና ለታይፈስ በየክሊኒኩ የሚደረገው የደም ምርመራም ከዚህ በፊት ለተጋለጠ ጤነኛ ሰው «አለ» ሊል ይችላል። ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር መገኘቱ አይቀርም። ሰው ደግሞ ስም ከተሰጠው በኋላ ሌላ አይፈልግም።

የገዛ አባቴ ሦስት ዓመት በጨጓራ ስም ተመላልሷል። የአጃ ሾርባ ሲጠጣ፣ በርበሬ ሲተው፣ ከረጢት ሙሉ መድኃኒት ሲያጠራቅም አስታውሳለሁ። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። አንድም ሐኪም «ከልጅህ ሞት በኋላ እንዴት ነህ?» ብሎ አልጠየቀውም፤ እኛም ልጆቹ አልጠየቅነውም። ወደዚህ ሙያ የገባሁት በዚያ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

ስሙም ራሱ በድሎናል። «ድብርት» የሚለውን ቃል በየቀኑ እንጠራዋለን፤ መብራት ሲጠፋ ደበረኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሲጠፋ ደበረኝ እንላለን። ከዚያ አንድ ሰው ታምሞ «ድብርት ይዞኛል» ሲል «ተነሥና ወጣ በል» የሚባለው ለዚህ ነው። ባለሙያዎቹ «ድባቴ» የሚለውን ቃል የያዙት ሁለቱን ለመለየት ይመስለኛል፤ እኔም በዚሁ ተስማምቻለሁ። አያቶቻችን ግን ቃል አላጡም ነበር። «ውቃቢው ራቀው» ይሉ ነበር፤ ሰውየው አለ፣ ሞገሱ ግን የለም። ከዚህ የተሻለ መግለጫ በሕክምና መጽሐፍም አላገኘሁም።

ወደ ሐኪም ስትመለሱ ሁለት ሦስት ነገር ይጣራ። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲቀንስና ደም ሲያንስ ድባቴን የሚመስል ነገር ያመጣሉ፤ በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃሉ። እንቅልፍ ፍለጋ ማታ ማታ አረቄ ወይም ቢራ ጀምሮ እንደሆነ፣ ፈተና ለማረም ብሎ ጫት ይቅም እንደሆነ ሳትሸፍኚለት ተናገሪ፤ ሁለቱም ድባቴን ያባብሳሉ። ከዚህ በፊት ደግሞ የተገላቢጦሽ የሆነ ጊዜ ነበረው ወይ? ለቀናት እንቅልፍ ሳይተኛ የማይደክመው፣ ንግግሩ የሚፈጥን፣ ገንዘብ እንደ ውኃ የሚያፈስ፣ ከዓለም በላይ የሆነ የሚመስለው ወቅት? እንዲህ ያለ ነገር ከነበረ የሚታዘዘው መድኃኒት ስለሚለይ ሐኪሙ ሳይጠይቅሽም ንገሪው።

መድኃኒቱን በተመለከተ ትንሽ ረዘም ላድርገው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ስምንት ቀን! ፍሎክሴቲን በስምንት ቀን ውስጥ የሚሰጠው ነገር ቢኖር ማቅለሽለሹን፣ ራስ ምታቱንና መቅበጥበጡን ነው። ጥቅሙ የሚመጣው በኋላ ነው፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሲሆነው መታየት ይጀምራል፣ ሙሉ ለሙሉ ለመለካት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠበቃል። ስለዚህ ባለቤትሽ ዕዳውን ከፍሎ ዕቃውን ሳይረከብ ነው የወጣው። «አልሠራልኝም» ያለው እውነቱን ነው፤ ጊዜው አልደረሰም እንጂ መድኃኒቱ ተሞክሮ ወድቆ አይደለም። ይህን አስቀድሞ ያልነገረው ባለሙያ ጥፋተኛ ነው፤ ባለቤትሽ አይደለም። ማቅለሽለሹ ለአብዛኛው ሰው በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል፤ ከምግብ ጋር መውሰድ ይረዳል። ካልቻለም ሐኪሙ መጠኑን ዝቅ አድርጎ ሊያስጀምረው ወይም ሊቀይርለት ይችላል፤ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። የመኝታ ነገር ላይም ችግር ሊያመጣ ይችላል፤ ባልና ሚስት ስለሆናችሁ ቀድማችሁ እወቁት፤ ሳያውቁት ሲመጣ «ይኸው ጠላኝ» ወደሚል ሐሳብ ይወስዳል። ይህም ቢሆን ለሐኪም ይነገራል፤ መፍትሔ አለው።

አንድ ነገር ልብ በዪ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውየው መቅበጥበጥ፣ መረበሽ ካበዛ ወይም የሞት ሐሳቡ ከጠነከረ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ውሰጂው። በወጣቶች ላይ ይበልጥ ይታያል፤ ግን በማንም ላይ ቸል አይባልም።

ሲሻለው ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። እንቅልፉ ይመለሳል፣ ይበላል፣ ይስቃል፤ ከዚያ «አሁን ድኛለሁ» ብሎ ያቆማል። ከዳነ በኋላም ቢያንስ ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት መቀጠል አለበት፤ ቶሎ ያቆመ ሰው የሚመለስበት ብዙ ነው። ማቆሙም በሐኪም ምክር፣ ቀስ በቀስ ነው። «ሱስ ያስይዛል» የሚሉሽን አትስሚ። ሱስ የሚያስይዘው መጠኑን ጨምሩልኝ፣ ጨምሩልኝ የሚያሰኘው ነገር ነው፤ ይህ እንዲያ አይደለም። ሱስ የሚያስይዙት አንዳንድ የእንቅልፍና የጭንቀት ክኒኖች ናቸው፤ እነሱን ከጎረቤት እንዳትቀበሉ።

ማሻሻሉን ከእሱ በፊት የምታዪው አንቺ ነሽ። ይህ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ታማሚው «ምንም ለውጥ የለኝም» እያለ ሚስቱ ከጀርባ ሆና «ትላንት ራት ጨረሰ» ትለኛለች። ስለዚህ ትንሽ ማስታወሻ ያዢ፤ ስንት ሰዓት ነቃ፣ ምን በላ፣ ከልጆቹ ጋር ተነጋገረ ወይ። ሐኪም ቤት ስትቀርቡ ከሁሉ የሚጠቅመው ያ ደብተር ነው።

መድኃኒት ብቻውን ግን ሙሉ ሕክምና አይደለም። በንግግር የሚሰጥ ሕክምና አለ፤ ቀለል ባለ ድባቴ ላይ ያለ መድኃኒትም ይበቃል፤ እንደ ባለቤትሽ በከበደው ላይ ደግሞ ከመድኃኒቱ ጋር ሲሆን ይበልጥ ይሠራል። «በወሬ ነው እንዴ የምድነው?» ሊልሽ ይችላል፤ የፊዚክስ መምህር ነውና ማስረጃ ይጠይቃል። የዚምባብዌን ነገር ንገሪው። እዚያ አገር የሥነ አእምሮ ሐኪም እንደ እኛው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ ሐኪም አሮጊቶችን አሠልጥነው በየጤና ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ የሚመጣውን ሰው እያዳመጡ ችግሩን አንድ በአንድ እንዲፈታ ይረዱት ጀመር። በኋላ በጥናት ሲለካ ከአሮጊቶቹ ጋር የተነጋገሩት ሰዎች ድባቴ ከሌሎቹ ይልቅ በግልጽ ቀንሶ ተገኘ። አሮጊቶቹ ሕመሙን የሚጠሩበት የሾና ቋንቋ ቃል «ኩፉንጊሲሳ» ነው፤ ትርጉሙ «ሐሳብ ማብዛት» ማለት ነው። የእኛዎቹ እናቶች «ልጄ ሐሳብ አበዛ» የሚሉት ቃል በቃል ያው ነው።

ቤት ውስጥም የምታደርጉት አለ። ድባቴ ሰውን «ደስ ሲልህ ትሠራለህ» ብሎ ያታልለዋል፤ ደስታው ግን ከሥራው በኋላ ነው የሚመጣው፤ ያውም ዘግይቶ። ስለዚህ ትንንሽ ነገር በሰዓቱ ማድረግ ሕክምና ነው። ትንሽ ስልሽ በእውነት ትንሽ ማለቴ ነው። ያን ላስቲክ ከቁም ሣጥኑ አውርጂው። «ደብተሮቹን እንሸፍን» አትበይው፤ አሥራ ሁለት ደብተር ለእሱ አሁን ተራራ ነው። የሴት ልጅሽን አንድ ደብተር ብቻ አምጪ። አንቺ ላስቲኩን ዘርግተሽ ያዢ፣ እሱ ይቁረጥ። ግማሽ ላይ ቢተወው ተዪው፤ «ይኸው አቃተህ» የሚል ፊት አታሳዪው። በሚቀጥለው ቀን ሌላውን ግማሽ። ከዚያ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ አብራችሁ ሃያ ደቂቃ መራመድ፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ አውቀዋለሁ፣ ጋቢ ደርቦም ቢሆን ይውጣ። እንቅልፍ አልመጣ ባለው ሌሊት አልጋ ላይ እየተገላበጠ ከሚያስብ ተነሥቶ ይቀመጥ፤ ቀን ግን አይተኛ።

ሰው ሁሉ የሚላቸውን ሁለት ቃላት ከአፍሽ አታውጪ። አንዱ «ጠንከር በል» ነው፤ ሌላው «ልጆችህን አስብ» ነው። መጀመሪያውን ሲሰማ ደካማ መሆኑን ነው የሚሰማው። ሁለተኛው ደግሞ ለልጆቹ ብሎ «ባልኖር ይሻላቸዋል» ወዳለበት ሐሳብ መልሶ ይወስደዋል። በምትኩ «አሞሃል፤ ሕመሙ የሚድን ነው፤ እስኪሻልህ አብሬህ ነኝ» በይው። ሰልችቶሽ እንኳ ቢሆን ደጋግመሽ በዪው።

የአማትሽን ነገር በአክብሮት ያዢው። እሳቸው ልጃቸው ሲከሳ እያዩ የሚያውቁትን መድኃኒት እያቀረቡ ነው። ጸበል ይግባ። ጸበሉ ላይ ሰው አለ፣ ጸሎት አለ፣ ተስፋ አለ፤ ብቻውን ጓዳ ውስጥ ከሚያለቅስ ይሻላል። የምከራከረው «መድኃኒቱን ትቶ» በምትለዋ ቃል ብቻ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜም ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ ብዙ ሰው ለጸበል ብሎ መድኃኒት አቋርጦ ተጎድቷል። ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዱ ብለው በይፋ ተናግረዋል። ይህን ለአማትሽ ንገሪያቸው፤ ከእኔ ቃል ይልቅ የፓትርያርኩ ይከብዳል። ከዚያም በላይ የንስሐ አባታችሁን አማክሪ። ጉዳዩን በግልጽ ብትነግሪያቸው «እንክብልህን ውሰድ፣ ጸበልህንም ጠጣ» የሚል አንድ ቃል ከእሳቸው አፍ ለባለቤትሽ ከመቶ ምክር ይበልጣል። ጾመ ነቢያትም ኅዳር 15 ይገባል፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ከሆነ መድኃኒቱን በማፍረሻው ሰዓት ከምግቡ ጋር ሊወስደው ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ፍሎክሴቲን ሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆይ መድኃኒት ስለሆነ በየቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት እስከ ተወሰደ ድረስ ሰዓቱ ብዙ አያስቸግርም። ይህን ያህል የከሳ ሰው መጾም አለበት ወይ የሚለውንም ለንስሐ አባታችሁ ተዪላቸው።

ወንድሙ ግን አስቆጥቶኛል። «አማኑኤል» የሚለውን ስም ማስፈራሪያ ያደረግነው እኛው ነን። ያ ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ከኢትዮጵያ ዳር እስከ ዳር ሰው ሁሉ ከባድ ከባዱን ሕመም ይዞ እዚያ ሲሄድ ስሙ የስድብ ቃል ሆነ። ያ ዘመን አልፏል። የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ፣ በክልል ከተሞች ባሉ ሪፈራል ሆስፒታሎች ሕክምናው በተመላላሽ ይሰጣል፤ በብዙ ጤና ጣቢያዎችም የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አሉ። ባለቤትሽ ጠዋት ታይቶ ከሰዓት ክፍሉ ገብቶ ሊያስተምር ይችላል። «ወንድ ልጅ ራሱን ይገዛል» ለሚለው ደግሞ አንድ እውነት ንገሪው። በዓለም ላይ ድባቴ ይበልጥ የሚገኝባቸው ሴቶች ናቸው፤ ራሳቸውን አጥፍተው የሚሞቱት ግን በብዛት ወንዶች ናቸው። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለው፤ አንዱ ወንድ ልጅ አይናገርም፣ አይታከምም እየተባለ ማደጉ ነው። ወንድሙ የሚወደው ከሆነ ሐኪም ቤት ይዞት ይሂድ። እንዲያውም እሱኑ ላኪው፤ አንዳንድ ሰው ሥራ ሲሰጡት ነው ምክሩን የሚያቆመው።

ለልጆቹ መንገር ያስፈልጋል። የ9 ዓመቷ ልጅሽ ሁሉን አይታለች፤ ካልነገርሻት ምክንያቱን ከራሷ ትፈልጋለች። «አባባን አሞታል። የሚቆጣው ከሕመሙ ነው፤ እናንተ ምንም አላጠፋችሁም። መድኃኒት እየወሰደ ነው፤ ቀስ እያለ ይሻለዋል» ይበቃል። ትንሹ ደግሞ ደግሞ ይጠይቅሻል፤ ደግመሽ ንገሪው።

አንቺስ? ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ራስሽ «ግራ ገባኝ» ከሚለው በቀር አንድ ቃል የለም። አራት ወር ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የነቃው እሱ ብቻ አይመስለኝም። አንድ ሰው ምረጪ፤ እህት፣ ጎረቤት፣ የማኅበር ጓደኛ፤ ሙሉውን ንገሪያት። በሳምንት አንድ ከሰዓት እሷ ከእሱ ጋር ትቀመጥና አንቺ ውጪ። የባልሽን ነገር ለሰው መንገር ገበና ማውጣት መስሎ ከታየሽ፣ ታይፎይድ ነው የተባለ ጊዜ ለስንት ሰው እንደ ነገርሽ አስቢ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ትጠይቂዋለሽ። ሰኞ ጠዋት፣ መልሱ አደጋ ካለው ደግሞ በዚያው ሌሊት፣ ድባቴ ነው ወዳሉት ሆስፒታል ትመለሳላችሁ። የተረፈውን እንክብል ከነማሸጊያው ይዘሽ ሂጂ፤ ስምንት ቀን ወስዶ ለምን እንዳቆመ ንገሪ፤ «እኔ ባልኖር» ያለውንም በመጀመሪያ ተናገሪ እንጂ እንደ ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ አታስቀሪው። ቀጣዩን ቀጠሮ ቀን ሳትቀበሉ አትውጡ። ከስድስት ሳምንት በኋላ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ስለ ደብተሮቹም።